37ኛው መስመር

እናቴ ሂሳቡን የሠራችው በጣቶቿ ነበር። ፓርኪንግ በሰዓት ስድስት ዶላር ከምናምን፣ በሳምንት 60 ሰዓት፣ ለ10 ሳምንት። ያንን ጨርሳ ከዩኒቨርሲቲው የመጣውን ደብዳቤ አነሣችና፣ «ይኼኛው ስንት ነው ያልከኝ?» አለች።

«3 ሺህ ዶላር። ማደሪያም ይሰጣሉ።»

«ምን ልትሠራላቸው?»

የፈሳሽ አርጎን አቶሞች እንዴት እንደሚንቀሳቀሱ በኮምፒውተር ላሰላ መሆኑን ነገርኳት። አርጎን ምን እንደሆነ ጠየቀችኝ። በምንተነፍሰው አየር ውስጥ ያለ፣ ከማንም ጋር የማይዋሐድ ጋዝ ነው፤ ከዜሮ በታች 186 ዲግሪ ግድም ሲቀዘቅዝ ፈሳሽ ይሆናል አልኳት። ትንሽ አሰበችና፣ «ታዲያ እሱ ቢንቀሳቀስ ባይንቀሳቀስ ለማን ምን ይፈይዳል?» አለች። በክፋት አልነበረም። አሜሪካ ከገባን ሁለት ዓመት አልሞላንም። ዲቪ የደረሰው አባቴ ሌሊት ታክሲ ይነዳል፤ እሷ ሆቴል ውስጥ አልጋ ታነጥፋለች፤ አዲስ አበባ በየወሩ ገንዘብ የምንልክላት አያቴ አለች። እኔም ከኮሌጅ መልስ ዲሲ መሀል ባለ ምድር ቤት ፓርኪንግ ውስጥ ቲኬት እቆርጣለሁ። የእኔ ደመወዝ ከቤት ኪራዩ ላይ የራሱ ድርሻ ነበረው።

የፈረደልኝ አጎቴ ነው። ፓርኪንጉን ያስገባኝ እሱ ስለነበር በዚህ ጉዳይ ቃሉ ይሰማል። «ፓርኪንጉ የትም አይሄድም፤ ልጁ ይሂድ» አለ። በግንቦት መጨረሻ አውቶቡስ ተሳፍሬ ወደ መካከለኛው ምዕራብ ሄድኩ። ዘመኑ እ.ኤ.አ. 1998፣ በእኛ 1990 ዓ.ም. ነው።

የሄድኩበት ጉዳይ የክረምት ምርምር ነበር። ክረምት ስል የእኛን የዝናብ ወቅት ማለቴ አይደለም፤ እዚያ በሐምሌ አስፋልቱ ከጫማ ጋር ይጣበቃል። እኛ ግን ትምህርት የሚዘጋባቸውን ወራት በለመደ አፋችን ክረምት እንላለን፤ እኔም ያንን ጊዜ በሌላ ስም መጥራት አልሆንልህ ብሎኛል።

ለእንዲህ ያለው ሥራ ገንዘቡን የሚሰጠው የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ ፋውንዴሽን ነው። በ1987 የጀመረው አሠራር ሲሆን ተማሪዎቹ በአጭሩ «አር ኢ ዩ» ይሉታል። አንድ ዩኒቨርሲቲ ተወዳድሮ ገንዘቡን ያገኛል፤ ከየኮሌጁ አሥር ያህል ያልተመረቁ ተማሪዎችን ይቀበላል፤ ከስምንት እስከ አሥር ሳምንት ከአንድ ተመራማሪ ጋር ያሠራቸዋል። መምህራኑ ማስተማር እንጂ ምርምር ከማይሠሩበት ትንሽ ኮሌጅ የመጣ ልጅም ያልተፈታ ጥያቄ ምን እንደሚመስል በዓይኑ ያያል። እኔ ማስታወቂያውን ያየሁት በኮሌጃችን የፊዚክስ ክፍል ኮሪደር ላይ ነው፤ ከግርጌው እየተገነጠሉ የሚወሰዱ ፖስታ ካርዶች ነበሩት። አንዱን ገንጥዬ ላክሁ፤ ቅጽ መጣልኝ፤ ሞላሁ። ሁለት መምህራን በእጃቸው ፈርመው የድጋፍ ደብዳቤ ጻፉልኝ። ሌላ ቦታ አላመለከትኩም፤ ሌላ ቦታ መኖሩንም አላውቅም ነበር።

ቅጹ ላይ አንዲት ጥያቄ ነበረች። የአሜሪካ ዜጋ ወይም ቋሚ ነዋሪ ነህ? ግሪን ካርዴ ኪሴ ውስጥ ስለነበር ምልክት አድርጌባት አለፍኩ። ያቺን ጥያቄ ዳግመኛ ያሰብኳት ብዙ ዓመት ቆይቼ ነው።

አማካሪዬ በስድሳዎቹ ውስጥ ያሉ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰው ነበሩ። በመጀመሪያው ቀን ሁለት ነገር ሰጡኝ። አንዱ የክፍሉ ቁልፍ ነው። ሁለተኛው ወንበር ነው፤ ከእኔ ወንበር አጠገብ ራሳቸው ጎትተው አስቀመጡት። «ይህ የእኔ ነው፤ ዕቃ አታስቀምጥበት» አሉኝ። ጠዋት አንድ ጊዜ፣ ከሰዓት አንድ ጊዜ መጥተው ይቀመጡበታል። አንዳንዴ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ቃል ሳይናገሩ ስክሪኑን አብረውኝ ያያሉ።

ሥራው አዲስ ግኝት አልነበረም። ስሌታዊ ፊዚክስ የሚማር ሰው ከሚጀምርባቸው ጥንታዊ ሥራዎች አንዱን መድገም ነው። አኒሱር ራህማን የሚባሉ፣ ሕንድ አገር ሃይደራባድ የተወለዱ የፊዚክስ ሊቅ በ1964 ቺካጎ አጠገብ ባለው አርጎን ብሔራዊ ላቦራቶሪ ሆነው የ864 አርጎን አቶሞችን እንቅስቃሴ በኮምፒውተር አሰሉ። (የላቦራቶሪውና የጋዙ ስም በእኛ ፊደል አንድ መሆኑ አጋጣሚ ነው።) እያንዳንዱ አቶም ሌሎቹን በቅርብ ሲሆን ይገፋል፣ ራቅ ሲል ይስባል። ከጉልበቱ ፍጥንጥነቱን፣ ከፍጥንጥነቱ ከአፍታ በኋላ የሚደርስበትን ቦታ ታሰላለህ፤ ከዚያ እንደገና። አፍታዋ 10 ፌምቶሰከንድ ናት፤ የአንድ ሰከንድ መቶ ትሪሊዮንኛ ማለት ነው። ሲያዩት የኒውተን ሕግ ብቻ ነው። ነገር ግን ራህማን ከዚያ ተነሥተው አቶሞቹ በፈሳሹ ውስጥ ምን ያህል ቶሎ እንደሚሠራጩ አስልተው አወጡ፤ ቁጥሩም በላቦራቶሪ ከተለካው ጋር ተቀራረበ። ማንም በዓይኑ ያላየውን የአቶሞች ግፊያ በስሌት ማየት ማለት ይኼ ነው። ለእናቴ የምመልስበት ቃል ያጣሁለት ነገርም ይኼው ነው።

ኮዱን በፎርትራን 77 ጻፍኩት፤ አራት ገጽ ሆነ። አስጀመርኩት። የጠቅላላው ኃይል መጠን ጸንቶ መቆየት ነበረበት፤ የእኔ ግን እየተንፏቀቀ ይወጣል። «ከምንም በፊት ኃይሉን እይ» ይሉኝ ነበር አማካሪዬ። «ኃይሉ ካልጸና ሌላው ሁሉ ሥዕል ነው።» ሦስት ቀን ፈለግኩ። የምልክት ስህተት የለም፤ የአሃድ ስህተት የለም። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ መጥተው ወንበራቸው ላይ ተቀመጡና ኮዱን ከላይ እስከ ታች በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡት። አንድ ቦታ ላይ ጣታቸው ቆመ፤ ምንም አላሉም። ቆይተው፣ «አንድን ለሁለት ብታካፍል ስንት ይመጣል?» አሉኝ።

«ግማሽ።»

«እስኪ ማሽኑን ጠይቀው።»

ጠየቅሁት። ዜሮ አለኝ።

ፎርትራን ሙሉ ቁጥርን በሙሉ ቁጥር ስታካፍልበት ሙሉ ቁጥር ነው የሚመልስልህ። 37ኛው መስመር ላይ 1/2 ብዬ ስጽፍ የፍጥንጥነቱን ድርሻ በሙሉ በዜሮ አባዝቼዋለሁ፤ አቶሞቹ አዲሱ ቦታቸው ላይ የሚደርሱት በድሮው ፍጥነታቸው ብቻ ነበር። 0.5 ብዬ አስተካከልኩት፤ ኃይሉ ጸና። አማካሪዬ ስህተቱን ገና ሲያነቡት እንዳዩት አሁን አውቃለሁ። ያቺን ግማሽ ሰዓት ግን ለእኔ ተዉልኝ። ዛሬ ስለ አቶሞች የማውቀውን ብዙውን ነገር ከየት እንዳገኘሁት አላስታውስም፤ ያቺን ዜሮ ግን አልረሳትም።

በምሳ ሰዓት የሎስ አላሞስ ላቦራቶሪን ታሪክ ያጫውቱኝ ነበር። የፊዚክስ ሊቁ ኤንሪኮ ፌርሚ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ክረምቱን እዚያ ሊያሳልፍ ሲመጣ፣ ማኒያክ የተባለችው ኮምፒውተር አዲስ ነበረች። ከጆን ፓስታና ከስታኒስላው ኡላም ጋር ሆኖ አንድ ቀላል የሚመስል ጥያቄ አቀረበላት። በምንጮች የተያያዙ እስከ 64 የሚደርሱ ክብደቶች በረድፍ ቢደረደሩ፣ ምንጮቹም ከቀጥተኛው ሕግ ትንሽ ቢያፈነግጡ፣ በአንድ የንዝረት ዓይነት የተሰጣቸው ኃይል ውሎ አድሮ በሁሉም ላይ ይበተናል ወይ? ይበተናል ብለው ጠብቀው ነበር። አልተበተነም፤ ተመልሶ ወደ መጀመሪያው ንዝረት ገባ። ሪፖርቱ በ1955 ሲወጣ ፌርሚ አርፎ ነበር። ዛሬ ያልተጠበቁ ባሕርያትን በኮምፒውተር መፈለግ ከዚያ ይቆጠራል። አማካሪዬ ይህን ሲነግሩኝ ሦስት ስም ነበር የሚጠሩት፤ በመጽሐፍም የነበረው ሦስት ነው። ስሌቱን ለማሽኗ የጻፈችውና ያስኬደችው ሜሪ ሲንጉ መሆኗን፣ ሪፖርቱ ሥራውን ከሠሩት መካከል ዘርዝሯት ከጸሐፊዎቹ ግን እንዳላስገባት፣ በግርጌ ማስታወሻ ብቻ እንዳመሰገናት የሰማሁት በ2008 አንድ ፈረንሳዊ የፊዚክስ ሊቅ ጉዳይዋን አንሥቶ ከጻፈ በኋላ ነው። አሁን ብዙዎች ችግሩን በአራት ስም ይጠሩታል። ያንን ጽሑፍ ያነበብኩ ዕለት ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ምክንያት ነበረኝ።

አሜሪካ ከመምጣቴ በፊት አራት ኪሎ ሳይንስ ፋኩልቲ አንድ ዓመት ተምሬያለሁ። እዚያ አንድ ጓደኛ ነበረኝ፤ ፈረንሳይ ለጋሲዮን የሚኖር፣ ሁላችንም ተጨንቀን የምንሠራውን ሂሳብ በሲጋራ ወረቀት ጀርባ የሚጨርስ ልጅ። ዲቪ እኛን አወጣን፤ እሱ ቀረ። ደብዳቤ እንጻጻፍ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት፣ ኩራት ይሁን ናፍቆት እንጃ፣ አራቱን ገጽ ኮድ አትሜ በፖስታ ላክሁለት። «ይኸው እኔ የምሠራው» ማለቴ ነው። ስህተቱን ያገኘሁት ፖስታው ከሄደ በኋላ ነበር፤ እንዳያስኬደው ብዬ ልጽፍለት አስቤ ተውኩት። የት ሊያስኬደው?

በዚያ ክረምት አራት ኪሎ ያለማቋረጥ ይዘንብ ነበር፤ ከኤርትራ ጋር የተደረገው ጦርነትም ግንቦት ላይ ተጀምሯል። ኢንተርኔት አገር ቤት የገባው እ.ኤ.አ. በ1997 ቢሆንም ተማሪ እጅ አልደረሰም። ጓደኛዬ የአክስቱ ልጅ የከፈተው «ኮምፒውተር ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ» ቤት ውስጥ ማመልከቻ እየተየበ ያግዛል፤ ማታ ደንበኛ ሲጠፋ ማሽኑ የእሱ ነው፤ ፎርትራን ግን የለበትም። ስለዚህ ኮዴን በካሲዮ ካልኩሌተርና በእርሳስ አስኬደው። ሁለት አቶም ብቻ ወስዶ፣ መስመር በመስመር፣ ማሽኑ ራሱ እንደሆነ አድርጎ።

መልሱ በኤሮግራም መጣ፤ ሐምሌ ተጋምሶ ነበር። ስለ ቤተሰቡ ሁለት መስመር፣ ስለ ዝናቡ አንድ መስመር ጽፎ ወደ ጉዳዩ ገባ። «37ኛው መስመር ላይ ያለው 1/2 ዜሮ ነው፤ የፎርትራን መጽሐፉ እንደሚለው ከሆነ። አረጋግጥ።» ሳቅኩ፤ እኔ በዎርክስቴሽን ሦስት ቀን የለፋሁበትን በእርሳስ አግኝቶታል። ከዚያ ቀጠለ። «ሌላም አለ። መነሻ ፍጥነቶቹን በዕጣ ስትሰጣቸው ድምራቸው ዜሮ እንዲሆን አላደረግህም። ስለዚህ ፈሳሹ ሁሉ ባንድ ላይ ወደ አንድ አቅጣጫ ይሄዳል። ጠጁ በብርሌው ውስጥ እንዴት እንደሚናወጥ ልትለካ ፈልገህ፣ ብርሌውን ይዞ የሚሄደውን አስተናጋጅ ፍጥነትም አብረህ ለክተሃል።»

ይኼንን እኔም አማካሪዬም አላገኘነውም ነበር። በዚያው ሰሞን ያስጨነቀን ነገር ደግሞ ይኸው ነው። አቶሞቹ ከመነሻቸው የራቁበት ርቀት በካሬ ተወስዶ በጊዜ ላይ ሲሣል ቀጥ ያለ መስመር መስጠት አለበት። የእኛ ወደ ላይ ይጎብጣል፤ ስሌቱን ባስረዘምነው ቁጥር ጉብጠቱ ይብሳል። ኤሮግራሙን እንደያዝኩ ወደ ክፍሉ ሮጥኩ። አማካይ ፍጥነቱን ከእያንዳንዱ አቶም ላይ የሚቀንሱ ስድስት መስመሮች ጨመርኩ። በማግስቱ ጠዋት መስመሩ ቀጥ ብሎ ጠበቀኝ። ከመስመሩ ያወጣሁት የሥርጭት መጠን በ94.4 ኬልቪን ራህማን ካገኙት ከ2.43 በ10 ሲነሣ ሲቀነስ 5 ካሬ ሴንቲሜትር በሰከንድ ብዙም አልራቀም።

አማካሪዬ ሲመጡ መስመሩን አይተው፣ «እንዴት አገኘኸው?» አሉኝ።

«ሳስበው መጣልኝ» አልኩ።

ለምን እንዲህ እንዳልኩ ዛሬም አላውቅም። 20 ዓመቴ ነበር፤ በዚያ ሕንፃ ውስጥ ከእኔ በቀር ሐበሻ አልነበረም፤ በራሴ ማድረግ እንደምችል እንዲያምኑልኝ ፈልጌ ነበር። ነሐሴ ላይ ሁላችንም ፖስተር አቀረብን። በፖስተሩ ላይ የእኔና የአማካሪዬ ስም አለ። ግርጌ ላይ ገንዘቡን ለሰጠው ፋውንዴሽን ምስጋና አለ። ሜሪ ሲንጉ ቢያንስ የግርጌ ማስታወሻ አግኝታ ነበር።

ያ ክረምት ሕይወቴን ቀየረው። አማካሪዬ የጻፉልኝ ደብዳቤ ሁለተኛ ዲግሪ አስገባኝ፤ እሱ ሦስተኛውን ወለደ። አሁን ስሌታዊ ፊዚክስ አስተምራለሁ። ጓደኛዬም በራሱ መንገድ ሄደ። ከተመረቀ በኋላ የፊዚክስ ሊቁ አብዱስ ሰላም በ1964 ወዳቋቋሙት የትሪየስት ዓለም አቀፍ የቲዎሪ ፊዚክስ ማዕከል ደርሶ ተማረ፤ ተመልሶም አገር ቤት ባለ አንድ ክልል ዩኒቨርሲቲ ያስተምራል። በ2010 ኬፕ ታውን ላይ የተጀመረው የአፍሪካ የኤሌክትሮኒክ መዋቅር ስሌት ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ2018 አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሲመጣ ተማሪዎቹን ይዞ ገብቶ ነበር፤ አሠልጣኞቹ ከየአገሩ በፈቃዳቸው መጥተው ከልጆቹ ጎን ተቀምጠው እንዳሠሩ በደስታ ጽፎልኛል። «ከጎን» የምትለዋን ቃል ያኔ ሳነብ ልብ አላልኳትም።

የዛሬ ተማሪ ኮሪደር ላይ ካርድ አይገነጥልም። የእኔ ተማሪዎች ከታኅሣሥ ጀምረው 15 እና 20 ቦታ ያመለክታሉ፤ ለያንዳንዱ የተለየ ድርሰት፣ ለያንዳንዱ የተለየ የይለፍ ቃል። እኔም በጥር ወር የድጋፍ ደብዳቤ ስሰቅል እውላለሁ፤ እውነቱን ለመናገር ብዙዎቹ ደብዳቤዎች እርስ በርስ ይመሳሰላሉ። ገንዘቡ አድጓል፤ በሳምንት እስከ 700 ዶላር ይደርሳል። ምርጫውም ሰፍቷል። ሎስ አላሞስ ለስሌታዊ ፊዚክስ ብቻ የተዘጋጀ የክረምት ዎርክሾፕ አለው፤ የአሜሪካ የኢነርጂ መሥሪያ ቤት ላቦራቶሪዎች ለቅድመ ምረቃ ተማሪዎች የየራሳቸው ክረምት አላቸው፤ ከ1962 ጀምሮ የክረምት ተማሪ የሚቀበለው የአውሮፓው የቅንጣት ፊዚክስ ላቦራቶሪ ሰርን ከአባል አገሮች ውጭም ይወስዳል። ነገር ግን የተገኘው ሁሉ ሁሌም አይጸናም። በ2025 ገንዘባቸው ያልመጣላቸው በርካታ ዩኒቨርሲቲዎች ክረምቱን ሰረዙ፤ ቢሮዬ መጥታ ያለቀሰች ተማሪ ነበረችኝ። የምሰጣት ነገር አልነበረኝም።

ማሽኑማ ከሁሉ በላይ ተለወጠ። እኔ ሌሊቱን ሙሉ የጠበቅኩትን 864 አቶም የዛሬ ላፕቶፕ ቡና እስኪፈላ ድረስ ይጨርሰዋል። ላምፕስ የሚባለው ፕሮግራም ከ2004 ጀምሮ ለማንም በነጻ ተለቅቋል፤ ሚሊዮን አቶም ቢሰጡት አይደነግጥም። ፓይተን ላይ አንድን ለሁለት ብታካፍል ግማሽ ይመጣል፤ ያቺ ዜሮ ጠፍታለች። ኮዱንም ራሱን በግማሽ ደቂቃ የሚጽፍልህ ማሽን አለ፤ ብዙ ጊዜም ልክ ይጽፋል። ይህን ሁሉ አልጠላም። ለአንድ አራት ኪሎ ላለ ልጅ ካልኩሌተርና እርሳስ ይሻለው ነበር ብዬ የምከራከር ሰው አይደለሁም፤ ጓደኛዬ በዚያ ክረምት ፎርትራን ያለባት አንዲት ማሽን ቢያገኝ ምን ይሠራ እንደነበር ሳስብ ያንገበግበኛል። ያጣነው ሌላ ነው። የእኔም ቢሮ ውስጥ ሁለተኛ ወንበር አለ፤ ላዩ ላይ ያለው የተከመረ ወረቀት ነው። በክረምት ሦስት ተማሪ እይዛለሁ፤ ለእያንዳንዳቸው በሳምንት አንድ ጊዜ ግማሽ ሰዓት በቀን መቁጠሪያዬ ላይ ይያዝላቸዋል። ግማሽ ሰዓት፤ አማካሪዬ ዝም ብለው ስክሪን ለማየት ብቻ ያዋሉትን ያህል።

በኅዳር 2017 ዓ.ም. አንድ ኢሜይል መጣልኝ። አገር ቤት ያለች የአራተኛ ዓመት የፊዚክስ ተማሪ ነች፤ በስሌታዊ ፊዚክስ የክረምት ምርምር እንደምትፈልግ ትገልጻለች። ረጅም ነበር። ባቡር ውስጥ ሆኜ በስልኬ የመጀመሪያውን አንቀጽ አነበብኩና መለስኩላት። ስለ ፍላጎትሽ አመሰግናለሁ፤ የሚከተሉትን ፕሮግራሞች ተመልከቺ፤ መልካም ዕድል። አምስት ስም ዘረዘርኩላት።

በሁለት ቀን ውስጥ መልሷ መጣ። «ፕሮፌሰር፣ ጊዜዎን ሰጥተው ስለመለሱልኝ ከልብ አመሰግናለሁ። አምስቱንም አየኋቸው። ለአሜሪካ ዜጎችና ለቋሚ ነዋሪዎች ብቻ ናቸው። እግዚአብሔር ያክብርልኝ።»

ከ27 ዓመት በፊት ምልክት አድርጌ ያለፍኳት ጥያቄ። የመጀመሪያውን ኢሜይሏን ከፍቼ በዚህ ጊዜ እስከ መጨረሻው አነበብኩት። የጓደኛዬ ተማሪ ነች። የመጨረሻው አንቀጽ እንዲህ ይል ነበር፦ መምህራችን በየዓመቱ በመጀመሪያው ቀን የ1/2ን ታሪክ ይነግሩናል፤ አሜሪካ ያለው ጓደኛቸው በሦስት ቀን ጥረት እንዴት እንዳገኛት፤ እርስዎ እንደሆኑ ስላወቅሁ ነው ደፍሬ የጻፍኩት።

ማታውኑ ደወልኩለት። «ለምን የእኔ አደረግኸው?» አልኩት።

«ያገኘኸው አንተ ነሃ! የእኔ ደብዳቤ ሲደርስ አልፈኸው ነበር።»

«አስተናጋጁስ?»

ሳቀ። «አስተናጋጁንም እነግራቸዋለሁ። ጠጁን ግን ሻይ አድርጌዋለሁ፤ ተማሪዎች ናቸው።»

ያን ጊዜ ነገርኩት። ለአማካሪዬ «ሳስበው መጣልኝ» እንዳልኳቸው፣ ፖስተሩ ላይ ስሙ እንደሌለ፣ አማካሪዬም እውነቱን ሳያውቁ እንዳረፉ። ለትንሽ ጊዜ ምንም አላለም። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ስሙን ጠራሁ።

«አለሁ» አለ። «ፖስተሩ አለህ?»

«አለኝ።»

«እስኪ ፎቶ አንሥተህ ላክልኝ፤ አይቼው አላውቅም እኮ።»

ከጓዳ አውጥቼ ወለሉ ላይ ዘረጋሁት፤ ጠርዙ ቢጫ ሆኗል። ፎቶ አንሥቼ ላክሁለት። ስሞቹ ከላይ በትልቁ ተጽፈዋል፤ እንደሚያያቸው አውቃለሁ። ከአሥር ደቂቃ በኋላ አንድ መስመር ጻፈልኝ፦ «ቀጥ ብሏል!» ስለ ግራፉ ነው።

ልጅቷን ያለፈው ክረምት አሠራኋት። የሚከፈላት ገንዘብ ላገኝላት አልቻልኩም፤ ሁለት ቦታ ጠይቄ አልሆነም። የኢንተርኔቷን ወጪ እኔ ቻልኩ፤ እንደ ውለታ የሚቆጠር አይደለም። በየቅዳሜው በእኔ ከጠዋቱ 1 ሰዓት፣ በእሷ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ በቪዲዮ እንገናኝ ነበር፤ በሳምንቱ መሀልም ሌላ ሁለት ቀን። ግማሽ ሰዓት አላልኳትም። ላምፕስን ለጊዜው ተዪው፤ ኮዱን ራስሽ ጻፊው አልኳት። ጻፈችው፤ በደንብ ጻፈችው። የኃይሉን ግራፍ ሳልጠይቃት አሳየችኝ፤ መምህሯ አሠልጥኗታል።

ነሐሴ ውስጥ አንድ ቅዳሜ ግን ኃይሉ በድንገት ወደ ላይ ዘለለ። እሷ ስክሪኗን አጋርታኝ ታነባለች፤ እኔ እከተላለሁ። ከመስኮቷ ውጭ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ይሰማኛል። ወደ መሀል ስትደርስ አየሁት። አቶሞቹ ከሳጥኑ በአንዱ ጎን ወጥተው በሌላው ሲገቡ ርቀታቸውን በአጭሩ መንገድ የሚለካው መስመር ላይ ምልክቷ ተገልብጧል። አፌን ያዝኩ። «የሳጥኑ ጠርዝ ላይ ያሉ ሁለት አቶሞች ብቻ ውሰጂ» አልኳት። «በምን መንገድ ነው የሚተያዩት?»

«ቆይ...» አለች። ወረቀት ስባ መሣል ጀመረች። የእርሳሱ ድምፅ ይሰማኛል። «አንደኛው እዚህ ከሆነ፣ ሁለተኛው...»

መብራት ሄደ። ፊቷ ስክሪኑ ላይ ደርቆ ቀረ፤ ከዚያ እሱም ጠፋ።

ሌላ ቀን ቢሆን መልእክት ጽፌላት ወደ ሌላ ሥራዬ እሄድ ነበር። ወንበሬ ላይ ቆየሁ። ቡናዬን አፈላሁ፤ ተመለስኩ፤ የኮዷን ቅጂ ከላይ እንደገና አነበብኩ። ልጄ ከፎቅ ወርዳ፣ «ማንን ነው የምትጠብቀው?» አለችኝ፤ ነገርኳት። 50 ደቂቃ ሆነ። ስክሪኑ ላይ ስሟ ተመልሶ መጣ፤ ምስል የለውም፤ ከስልኳ ነው የገባችው።

«ፕሮፌሰር... አሉ እንዴ?»

«አለሁ። ሁለተኛው አቶም የት ነው ያልሽኝ?»